ወጣቱ ግብ እንዲይዝ የምናበረታታው እንዴት ነው? ከምክር ያለፈ ነገር እንወያይ

መንገድ ጠራጊ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ከወጣቶች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁንም በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ስለ ወደፊት ሕይወታቸው የሚመካከሩበትን ቡድን እመራለሁ። ደጋግሞ የሚያሳስበኝን አንድ ጉዳይ ላንሣ።

ወረቀት አድዬ «ግባችሁን ጻፉ» ስል የሚመለስልኝ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ስኬታማ ሰው መሆን»፣ «ቤተሰቤን ማኩራት»፣ «ለውጥ ማምጣት»፣ «ራሴን ማሻሻል»። ከልባቸው እንደሚጽፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን «ነገ ጠዋት ከዚህ ውስጥ የትኛውን ትጀምራለህ?» ብዬ ስጠይቅ ልጁ ዝም ይላል። ሰንፎ አይደለም፤ የጻፈው ነገር በየት በኩል እንደሚጀመር ስለማይታይ ነው።

በቅርቡ አንድ ልጅ «ጎበዝ ተማሪ መሆን» ብሎ ጻፈ። አብረን ተቀመጥን። ጎበዝ የሚላቸው ተማሪዎች እሱ የማያደርገውን ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን አፍራለሁ» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ ዛሬ ያልገባኝን አንድ የሂሳብ ጥያቄ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። በማግስቱ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩን እጠይቃለሁ።» ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «ይህም ግብ ይባላል?» አለ። አዎን፣ ይባላል! እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ግብ የሚባለው ይኼኛው ነው።

ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ሌተም የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ይህንኑ ሲያጠኑ ኖረዋል። ሎክ የመጀመሪያውን ትልቅ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በ2002 ሁለቱ የ35 ዓመታት ምርምራቸውን አጠቃለው አሳትመዋል። ዋናው ግኝታቸው «የምትችለውን ያህል ጣር» ከሚል ማሳሰቢያ ይልቅ ቁርጥ ያለና ፈተን የሚያደርግ ግብ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ ነው። እኛ ታላላቆች ግን ለወጣቱ ዘወትር የምንሰጠው የመጀመሪያውን ነው። «በርቱ፣ ትችላላችሁ፣ የነገ ተስፋ ናችሁ» እንላለን፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ልጁ ግን ቤቱ ሲደርስ በእጁ የያዘው ነገር የለም።

እኔ እንደማምነው ማበረታታት ማለት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ምኞቱን ወደ መጀመሪያው ተግባር ማውረድ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ በአንድ ንግግር ለሁለት መቶ ሰው የሚዳረስ ነገርም አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወጣቶች ካላችሁ በተለይ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ።

የንጋት ልጅ

እኔ አንዷ ነኝ፤ 19 ዓመቴ ነው። ስላነሡት አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር «አቅም አላችሁ» የሚለውን ቃል ከመስማቴ ብዛት ጆሮዬ ለምዶታል። አቅሙ እንዳለኝ ከነገረኝ ሰው ይልቅ «ምን ያዘሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

የያዘኝን ልንገራችሁ። በአካባቢዬ አምስተኛ ክፍል ደርሰው አንድ አንቀጽ ሳይደናቀፉ ማንበብ የማይችሉ ልጆች አሉ። ታናሽ ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አብሬው እያነበብኩ ተስተካከለ። ለሌሎቹም እንዲሁ ባደርግ ብዬ ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ሆኖም ማሰብ በጀመርኩ ቁጥር ነገሩ እየገዘፈ ይሄዳል። አዳራሽ ያስፈልጋል፣ መጻሕፍት ያስፈልጋሉ፣ ፈቃድ፣ ገንዘብ፣ ረዳቶች። ከዚያ ይደክመኝና እተወዋለሁ። በዚያ ላይ «ጀምራ ተወችው» መባልን እፈራለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ላደርገው ያሰብኩትን ለሰው ልናገር ወይስ ዝም ብዬ ልጀምር? ግማሹ ሰው «ተናገሪ፣ ይዞሻል» ይለኛል፤ ሌላው «አፍሽን ያዢና ሥሪ» ይለኛል።

ሚዛን

የመንገድ ጠራጊን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ። ግብ ስለመያዝ ስናወራ ሁሉም ነገር በወጣቱ ጭንቅላት ውስጥ ያለ እናስመስላለን። ከትምህርት በኋላ ቤተሰቡን ለማገዝ እስከ ማታ የሚሠራ ልጅ አለ። የሚያጠናበት ጸጥ ያለ ጥግ የሌላት ልጅ አለች። ለእነዚህ ልጆች «ግብህን በግልጽ ጻፍ» ብሎ መሄድ፣ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዲጭኑ ማድረግ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያልተሳካለት ወጣት «እኔ ቆራጥ ስላልሆንኩ ነው» ይላል፤ በሩን የዘጋበት ሌላ ሰው መሆኑን ግን የሚነግረው የለም።

የጠቀስካቸው ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ግብ የሚሠራው ችሎታው፣ ቁርጠኝነቱና ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያሳይ ግብረ መልስ ሲኖር መሆኑን ይናገራሉ፤ እንቅፋት የሆኑ ሁኔታዎችንም ይቆጥራሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ለታላላቆችም ይታደል እላለሁ። «በዚህ ወር ለአንድ ወጣት የትኛውን በር እከፍታለሁ?» ብለን እንጻፍ። ክፍሉን ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ሰው፣ ቁልፉን የሚያበድር ሰው፣ ኮምፒውተሩን ለሁለት ሰዓት የሚለቅ ሰው ከአሥር ንግግር በላይ ይጠቅማል።

ቀለም ወዳድ

ሥነ ልቦና እያጠናሁ ስለሆነ የንጋት ልጅን ጥያቄ ልሞክር።

እህቴ፣ ሁለቱም የሚነግሩሽ ከፊል እውነት አላቸው። ፒተር ጎልዊትዘር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ «እንዲህ ዓይነት ሰው መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ዓላማቸውን ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች፣ ዓላማቸው ካልታወቀላቸው ይልቅ ያነሰ ጥረት አድርገዋል። መታወቁ ራሱ የመድረስ ስሜት ስለሚሰጥ ይመስላል። በሌላ በኩል በ2016 የወጣ፣ 138 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እድገትን መከታተል ግብን ለመምታት እንደሚረዳ አሳይቷል፤ ውጤቱን ለሌሎች ማሳወቅም ሆነ በጽሑፍ መመዝገብ ጥቅሙን ይጨምረዋል። ስለዚህ ሐሳብሽን ለብዙ ሰው አታውጂ፤ የሠራሽውን ግን በየሳምንቱ ለአንድ የምታምኚው ሰው ንገሪ። «ላደርግ ነው» እና «አድርጌያለሁ» ለሰሚው ቅርብ ቢመስሉም በተናጋሪው ላይ የሚያደርሱት ነገር ይለያያል።

ሁለተኛው ነገር የ«እንዲህ ከሆነ፣ ይህን አደርጋለሁ» ዓይነት ዕቅድ ነው። ጎልዊትዘር በ1999 በሰፊው የጻፈበት ሲሆን፣ በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያዩ ጥቅሙ ከመካከለኛ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ምስጢሩ ቀላል ነው። መቼና የት እንደሚደረግ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከራስ ጋር ክርክር አይኖርም። መንገድ ጠራጊ የጠቀሱት ልጅ «ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ» ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው መጻፉ ደስ ብሎኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በየሥልጠናው «በ1953 በዬል ዩኒቨርሲቲ ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶ ተማሪዎች ከሌሎቹ 97 በመቶ በላይ ሀብታም ሆኑ» የሚል ታሪክ ይነገራል። እንዲህ ያለ ጥናት አልተካሄደም፤ ጋዜጠኞችም ዩኒቨርሲቲውም ፈልገው አላገኙትም። ወጣቱን በተፈጠረ ታሪክ ማነሣሣት ያሳዝነኛል፤ እውነተኛው ማስረጃ በቂ ሆኖ ሳለ።

መንገድ ጠራጊ

ሚዛን፣ ወንድሜ፣ ከተናገርከው የምጥለው የለኝም። የምጨምረው ግን አለኝ።

የዓይነ ስውራንን የነጥብ ጽሕፈት ዛሬ በምናውቀው መልኩ የፈጠረውን ሉዊ ብሬይልን አስብ። በሕፃንነቱ በደረሰበት አደጋ ዓይኑን አጣ፤ በ10 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1819፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ገባ። በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ ሰው በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት ለተቋሙ አስተዋወቀ። የባርቢዬ ዘዴ እስከ 12 ነጥብ ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ምልክት በአንድ ጊዜ በጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ በዚያ ላይ የሚወክለው ድምፅን እንጂ ፊደልን አልነበረም። ልጁ «ዓይነ ስውራንን ነጻ አወጣለሁ» ብሎ አልተነሣም። የያዘው ችግር የአንድ ጣት ጫፍ ያህል ነበር፦ ጣት ሳይንቀሳቀስ አንድ ፊደል በሙሉ እንዲነበብ። ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። በ1824 ገና 15 ዓመቱ ሳለ ዘዴውን በዋናነት ጨርሶ ነበር፤ በ1829 አሳተመው።

አሁን ወደ አንተ ነጥብ ልምጣ። ያ ልጅ ተቋሙ ባይቀበለው፣ የባርቢዬ ነጥቦችም ከእጁ ባይደርሱ የሚያሻሽለው ነገር ባልኖረው ነበር። የከፈቱለት በር ነበር ማለት ነው። የዘጉበትም አሉ። ተቋሙ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ብሬይል ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ተማሪዎቹ በእጃቸው እየተጠቀሙበት ሳለ ታላላቆቹ ለመቀበል ያን ያህል ዘገዩ። ስለዚህ «ወረቀቱ ለታላላቆችም ይታደል» ያልከውን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አደርገዋለሁ። ወላጆችም ስለሚመጡ ለእነሱም አድላለሁ።

አናጺው

እኔ የተማርኩት በእንጨት ሥራ ነው፤ ተለማማጆችም አሉኝ። አዲስ ልጅ ሲመጣ «አናጺ መሆን እፈልጋለሁ» ይላል። ጥሩ ነው እለውና አንድ ጣውላ፣ መላጊያና ስኳድራ (ማዕዘንና ቅናት መፈተሻ) እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራው የጣውላውን አንድ ጎን ቀጥ አድርጎ ልጎ ስኳድራው ሲደገፍበት በመካከሉ ብርሃን እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። ሌላ ምንም አላዝዘውም። ስኳድራውን ያስጠጋል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያያል፣ ብርሃን ያሾልካል፤ እንደገና ይላጋል። እኔ መቆጣት አያስፈልገኝም፤ ማሞገስም አያስፈልገኝም። ውጤቱን ራሱ ያየዋል።

በዚህ ውይይት ውስጥ የጎደለ የመሰለኝ ይኸው ነው። ልጁ ግቡን መምታቱን ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ አለበት። «ራሴን ማሻሻል» የሚል ልጅ ዘወትር የሰው ፊት እያየ ነው የሚኖረው፤ አመሰገኑት ወይስ አላመሰገኑትም እያለ።

ሌላም አለ። አንድ ተለማማጅ ብዙ ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ። ያቋረጠውን ጣውላ ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠሁት፤ «ከዚህ ቀጥል» አልኩት። ስለ መጥፋቱ የተነጋገርነው በኋላ፣ ሥራው ከሞቀ ወዲያ ነው። ያኔ ቢገሠጽ ኖሮ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም።

የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ አናጺው የመጨረሻውን ስትጽፍ ልቤን ነካኸው፤ የእኔም ጭንቀት እዚያው ላይ ነው። የመካከለኛው ልጄ 16 ዓመቱ ነው። በጠዋት ተነሥቶ ለማጥናት ይወስናል፤ ሁለት ሳምንት ይዘልቃል፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ያሸንፈዋል፣ ከዚያ «ተበላሸ» ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። ስንት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። ብቀሰቅሰው ይቆጣል፤ ዝም ብለው ደግሞ ይተዋል። ምን ላድርግ?

ቀለም ወዳድ

እናቴ፣ ለልጅዎ የሚነግሩት አንድ ጥሩ ዜና አለ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትለዋል። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱ በሚያድግበት ሂደት ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ልጅዎ በሁለተኛው ሳምንት ያቆመው ገና ሊቀል በማይችልበት ጊዜ ነው፤ የዘለላትም አንዲት ቀን ምንም አላበላሸችበትም። ይህን ከእናቱ ይልቅ ከቁጥሩ ቢሰማው ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት ግቡም ሩቅ ሆኖበት ይሆናል። አልበርት ባንዱራ እና ዴል ሹንክ በ1981 ያወጡት ሙከራ ትዝ ይለኛል። በሂሳብ ደካማ የሆኑና ትምህርቱንም የማይወዱ ልጆች 42 ገጽ የመቀነስ መልመጃ በ7 ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩ ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን «በእያንዳንዱ ጊዜ 6 ገጽ» ተባለ፤ ሌላው «በመጨረሻው ጊዜ 42ቱን መጨረስ» ተባለ። ሥራው አንድ ነው። ነገር ግን በችሎታም፣ በራስ መተማመንም፣ ለሂሳብ ባደረባቸው ፍላጎትም የበለጡት ባለ 6 ገጾቹ ናቸው። ሩቁን ግብ የያዙት ልጆች ምንም ግብ ካልተሰጣቸው ብዙም አልተሻሉም። እኔን ያስገረመኝ ፍላጎታቸው መጨመሩ ነው። እኛ ልጁ መጀመሪያ ፍላጎት እንዲኖረው እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን ፍላጎቱ የመጣው ሥራው ሲሳካላቸው ነው።

ስለዚህ ልጅዎን «ነገ ምን ያህል ገጽ?» ብለው ይጠይቁት። መቀስቀሱን ለሰዓቱ ይተዉለት።

የንጋት ልጅ

ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳራሹን፣ ፈቃዱንና ገንዘቡን ለጊዜው ከወረቀቴ ላይ ሰርዣለሁ። የቀረው እንዲህ ነው፦

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ እንደበላን፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በረንዳችን ላይ እቀመጣለሁ። ሦስት ልጆች እጠራለሁ፤ ከሦስት አላበዛም። የምናነበው እነሱ ራሳቸው የያዙትን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ የተደናቀፈበትን ቃል አብረን እንደግማለን፣ ያበቃል። ዝናብ ከጣለ ወደ ውስጥ እንገባለን። አንድ ልጅ ከቀረ ከመጡት ጋር እቀጥላለሁ። ማንም ካልመጣ ከወንድሜ ጋር አነብና በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እጠራቸዋለሁ። የሠራሁትን በየቅዳሜው ማታ የምነግራት አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ተስማምታለች።

አናጺው ባነሡት ላይ ግን ተያዝኩ። የእኔ ስኳድራ ምንድን ነው? ልጆቹ መሻሻላቸውን በምን አውቃለሁ?

መንገድ ጠራጊ

ልጄ፣ ይህን አንብቤ ምን ያህል እንደተደሰትኩ መግለጽ ያቅተኛል።

የንባብ መምህራን የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ልጁ ከዚህ በፊት ያላነበበውን ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንቺ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ትቆጥሪያለሽ። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ትጽፊያለሽ። ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደቱ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ጽሑፍ ትደግሚዋለሽ። በየሳምንቱ አትለኪ፤ ልጆቹ ንባቡን ፈተና ያደርጉታል። ካነበበ በኋላም «ምን ይላል?» ብለሽ ጠይቂው፤ በፍጥነት እያነበቡ የማይገባቸው አሉ። ቁጥሩን ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አሳዪ፤ ልጅ ከልጅ ጋር እንዳይወዳደር ተጠንቀቂ።

ሚዛን

እኔም አንድ ልጨምር። ልጆቹን ከመጥራትሽ በፊት ወላጆቻቸውን በአካል አነጋግሪ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ንገሪያቸው። ልጅ ሥራ ላይ የሚያግዛቸው ከሆነ ሰዓቱን እነሱ ይምረጡት። በቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰውም በረንዳው ላይ ልጆች እንደሚኖሩ ይወቅ።

መጻሕፍቱ ሲያልቁ እዚህ ጻፊ። ልጆቼ አድገው ያስቀመጧቸው የሕፃናት መጻሕፍት ሣጥን ሙሉ አሉኝ፤ የእኔን ወረቀት በዚያ እሞላለሁ።

የንጋት ልጅ

የሁለቱን ልጆች እናቶች ዛሬ ማታ አነጋግራለሁ። የሦስተኛው ልጅ አባት የሚመለሱት ዐርብ ስለሆነ እስከዚያ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያውን የአንድ ደቂቃ ንባብ ቅዳሜ እለካና ደብተር ላይ አሰፍረዋለሁ። መጻሕፍቱን በተመለከተ ጋሼ፣ ከአሁኑ እሺ ብያለሁ።